መቺ አይጠየቅም

ኅዳር 4

ወንድሜ፣

አባባ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

ለግማሽ ቀን እንዲያመጡህ አመልክቼ ነበር። የማረሚያ ቤቱ ጸሐፊ፣ "የተከሰሰው ልጃቸውን በመግደል ነው፤ በቀብራቸው ላይ እንዴት ይቆማል?" አለችኝ። "አያታችን ቢሆኑም ከእናታችን ሞት ጀምሮ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው" አልኳት። "ማመልከቻው ላይ ማሳደግ የሚል ቦታ የለም" አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ውሃ ሰጥታኛለች።

አንተ እንዴት ነህ? ብርዱ ትከሻህን እንዴት አደረገው? ይህን ደብዳቤ ከፍተህ የምታነበው ጠባቂስ እንደምን አለህ? ባለፈው ሁለተኛውን ገጽ ሳትመልሰው ቀርተሃል፤ አንብበህ ከጨረስክ ለወንድሜ ስጠው።

ጠበቃዋ መሞታቸውን በስልክ ስትነግርህ የጠየቅኸውን ሁሉ አድርሳልኛለች። አዎ፣ አጠገባቸው ነበርኩ። ጠዋት ነው። ሾርባ እያጎረስኳቸው ነበር፣ ማንኪያው የሰሃኑን ጠርዝ እንዳይነካ እንደ ሁልጊዜው እየተጠነቀቅሁ። ዋጡ፣ አዩኝ፣ ከዚያ በኋላ አልዋጡም። አልተሰቃዩም። ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ቀረ። አስከሬኑን ያዘጋጁት ሰዎች ሊከፍቱት ታገሉ፤ "ተዉት፣ የመዶሻ እጀታ ነው የያዘው" አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ።

በቀብሩ ላይ ምን ተፈጠረ ካልከኝ፣ ብዙ አይደለም። የአጎታችን ሚስት እትዬ ከሁለቱ ወንድሞቿ ጋር መጣች፤ ባሏን የቀበረችበትን ጥቁር ልብስ ለብሳ። አፈሩ ሊመለስ ሲል ትልቁ ወንድሟ፣ "የገዳይ እህት እዚህ ምን ታደርጋለች!" ብሎ በድንጋይ ቅንድቤን መታኝ። ወደ ጉድጓዱ ልወድቅ ስል ቆፋሪው በቀሚሴ ያዘኝ። ሰፉልኝ። ዓይኔ ያያል።

ትንሹ መዶሻ እኔ ጋ ነው። ትልቁን ፖሊስ ወስዶታል፤ ቁጥር ተለጥፎበት በችሎት ታገኘዋለህ። ምስክር የሚሰማው ታኅሣሥ 22 ነው፤ ከዚያ ይፈርዳሉ። ጥፋቱን አምነህ ስለፈረምክ ሃያ ዓመት አይቀርልህም ብለውኛል።

አባባ አሁን የሉም። ከእንግዲህ የምትጠብቀው ሰው የለም። ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጠባቂው ስላለ እዚህ አልጽፈውም።

እህትህ ወናፍ


ኅዳር 11

ለእህቴ ለወናፌ፣

ይህን በጠበቃዋ ቦርሳ ልኬዋለሁ። "አላነበውም" ብላ ምላለች፤ "ብታስነብቡኝ ግን ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር" ብላለች። አንቺም በእሷ በኩል ላኪ።

ወረቀቱ ላይ ስላለው ነጠብጣብ ይቅርታ። አፍንጫዬ ነው። የእትዬ ዘመድ የሆነ አንድ ሰው፣ ወፍራም ጫማ ያለው፣ ወደ እኛ ክፍል ተዛውሯል። ሁለት ጥርስ ወስዶብኛል፤ የቀሩትን እስኪቆጥር ድረስ ሰላም ነን። ሸሚዜን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ እህት ያለው ሰው በደም ሸሚዝ ችሎት አይቀርብም።

በድንጋይ የመታሽ ትልቁ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ትንሹ አይስትም።

ጥያቄሽ ገብቶኛል። አይሆንም። በሕይወት እያሉ "የመቱት እሳቸው ናቸው" አላልኩም፤ ሞተው መልስ መስጠት በማይችሉበት ጊዜ ልበል? የልብስ ሳሙናው የቤታችንን ሕግ ካላስረሳሽ በቀር አንቺ በሩ ላይ ተቀምጠሽ ያየሽው ነው። ትንሹን መዶሻ የያዘው ይጠቁማል፤ ያንኳኳበት ቦታ ላይ ትልቁ ያርፋል። መቺው አይጠይቅም፣ አያስብም፣ ትንሹ መዶሻ ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ በጎኑ እስኪጋደም ድረስ ይመታል። ብረቱ ቢበላሽ፣ ጣት ቢጨፈለቅ መቺ አይጠየቅም። የጠቆመ ይጠየቃል። ይህን ያስተማሩኝ፣ በመሣሪያዎቻቸው ስም ጉጠትና ወናፍ ያሉን አባባ ናቸው።

አጎታችን ትከሻዬን በብረት ዘንግ በሰበረው ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትልቁን መዶሻ ከደረቴ በላይ ማንሳት እንደማልችል ሐኪም ሲናገር አባባ ምን እንዳሉ ታስታውሻለሽ? "እንግዲያው ትንሹን ይያዝ።" ቤቱ የራሳቸው፣ ዕውቀቱ የራሳቸው፣ ግን ለአንድ ጎረምሳ መቺ ሆኑ። "እኔ ክንድ አለኝ፣ አንተ ዓይን ስጠኝ፣ ጉጠቴ" አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው እኔ በጠቆምኩበት ቦታ ሁሉ መቱ፤ ስሳሳት እንኳ የተሳሳትኩበት ላይ መቱ። ደንበኛ ሲቆጣ፣ "ጠቋሚውን ጠይቀው፣ ጌታው እሱ ነው" ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

ሲያማቸው ሁሉም ነገር ሄዶ ያ ብቻ ቀረ። ስማችንን ረሱ፣ ሽንት ቤቱን ረሱ፤ ማንኪያ ሰሃን ላይ ኳ ሲል ግን ጡጫቸው ይወርድ ነበር። ጠረጴዛውን ለሁለት ከከፈሉ በኋላ ለሦስት ሳምንት ማንኪያ ሳንነካ በላን። ሐኪሙንስ? በዚያች የጎማ መዶሻ ጉልበታቸውን ነካ ነካ አደረገ። አባባ ዞር ዞር ብለው ትልቁን ፈለጉ፤ ሲያጡት የገዛ ጉልበታቸውን ጡጫ አቀመሱት። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ደግሞ ነካ። እሳቸውም ደገሙ። "ኧረ ያጋድሙት!" እላለሁ፤ "ምኑን?" ይለኛል። አንቺ ነሽ ከእጁ ቀምተሽ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ያስተኛሽው። ወዲያው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ "ልጁ አያያዙ ደህና ነው፤ ብረቱ ግን ቀዝቅዟል" አሉት።

እኔ የማስታውሳቸው እንደዚህ ነው። ሌላው ሰውም እንደዚህ ያስታውሳቸው።

አንድ ነገር ንገሪኝ። በመጨረሻው ወር ስለ እኔ ጠይቀው ያውቃሉ?

ጉጠት


ኅዳር 19

ጉጠቴ፣

ስለ አንተ አልጠየቁም። ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ እየዋሸኸኝ ሁለታችን ብንዋሽ ማን ያስታርቀናል?

የሚጠይቁት ስለ ልጃቸው ነበር። "ልጄ የት ሄደ?" በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገርኳቸው፤ "ሞቷል አባባ" አልኩ። ጭንቅላታቸውን ከግድግዳው ጋር አጋጩት፤ ትራስ ይዤ መሐል እስክገባ ድረስ ግድግዳው ቀላ። ከምሳ በኋላ ረስተውት፣ ግንባራቸውን እየዳሰሱ፣ "ማን መታኝ? ልጄስ የት ሄደ?" አሉ። በማግስቱ ደግሜ ነገርኳቸው። አንገቴን ያዙ። ያንን እጅ ታውቀዋለህ። "ማን ገደለው? ንገሪኝ! የመታበትን እጁን ነው የምሰብረው!" ዓይኔ ሲጨልም ያስለቀቁኝ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሦስት ሆነው። የያዘኝ እጅ የትኛው እንደሆነ እነሱ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ፣ "ብረት ሊገዛ ሄዷል" እላቸው ነበር። "ወፍራሙን እንዲያመጣ ንገሪው" ይሉና ይተኛሉ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ወፍራሙን ሲጠብቁ ነበር።

ስለ ቤቱ ካነሳሁ፣ በሩ የለም። የእትዬ ወንድሞች ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ወናፉን በቢላዋ ሆዱን ቀደዱት፤ "ይህ አንዱ ነው፣ ሌላዋ ወናፍ የት አለች?" ሲል ትንሹን ሰማሁት። ይቀልዳል እኮ! ከኋላ በር ገብቼ የእጁን አንጓ በረጅሙ ጉጠት መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ትልቁ ፀጉሬን ይዞ መሬት ለመሬት ጎተተኝ፤ የጎተተውን ያህል በእጁ ቀርቷል። ፖሊስ ሦስታችንንም ወሰደንና ሦስታችንንም ለቀቀን። መርማሪው፣ "የእናንተ ቤተሰብ ሌላ የመነጋገሪያ መንገድ የለውም?" አለኝ። "ደብዳቤ እንጽፋለን" አልኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያን ቀን እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ትንሹ መዶሻ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ቀጥሎ ትልቁ፤ አንድ ጊዜ፣ ባዶ ብረት ላይ። ከዚያ ትልቁ እንደገና። ሁለተኛው ምት ብረት ላይ አላረፈም። በዚያ ደጃፍ አድጌ ትልቁና ትንሹ ይምታታብኛል? ስደርስ መዶሻውን ይዘህ የቆምከው አንተ ነበርክ፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤት ያየው ይህን ነው። ፖሊስ የጻፈው ይህን ነው። ማንም ግን ቀኝ ክንድህን ወደ ላይ አንሳ አላለህም!

ዐቃቤ ሕጓ "የቆየ ቂም" ትላለች፤ የተሰበረውን ትከሻህን የምታነሳው ለዚህ ብቻ ነው። ቂም እንደሰጠህ ታወራለች፣ ጉልበት እንደነሳህ አታውቅም። ጉዳዩን ለጠበቃዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር እችላለሁ። ሐኪሙም በጎማ መዶሻው የነካውን የአባባን ጉልበት አልረሳም፤ ጠይቄዋለሁ።

አጎታችን ለምን እንደመጣና ምን እንዳደረጋችሁ ከአንተ ልስማ። ዝም ካልክ የማውቀውን ይዤ እሄዳለሁ።

ወናፍ


ኅዳር 27

ወናፌ፣

አንገትሽን እንደያዙሽ አለመንገርሽ አሳዝኖኛል። እዚህ ሆኜ ምን ላደርግ እንደምችል አላውቅም፤ ግን ልትነግሪኝ ይገባ ነበር። ስለ ፀጉርሽም ይቅርታ። ስለ አንጓው ግን ደስ ብሎኛል።

ለሐኪሙ ምን እንዳልሽው ንገሪኝ። ጠበቃዋን ግን ምንም አትበያት።

የሆነው ይኸው። የመኪና ባሌስትራ ብረት እሳት ላይ እያጋልኩ ነበር። አባባ እንደ ሁልጊዜው መስፉ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ትልቁ መዶሻ በጭናቸው መሐል ቆሟል። እጀታውን ካልጨበጡ እንደሚረበሹ ታውቂያለሽ፤ ተስማምተን ነው የተውንላቸው። ጫማቸውን ማሰር ያቃተው ሰው ያነሳዋል ብለን ማን አሰበ?

አጎታችን የቤቱን ሽያጭ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ገባ። ሰላም አላለኝም። "አባዬ፣ አውራ ጣትህን" አለ። አባባ ጡጫቸውን ጨበጡ። "ገዢው ነገ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ክፈት!" አለና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ጀመረ። ተው አልኩት። "አንተ ሽባ፣ ሌላውንም ትከሻ እንዳልደግምህ" አለኝ። ትንሿ ጣት ስትታጠፍ አባባ ጮኹ። ያኔ በጥፊ መታቸው። አንድ ጊዜ አይደለም። ከአፍንጫቸው ደም ሲወርድ ቀና ብለው አዩትና፣ "ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አሉት። ልጃቸውን። ጌታዬ።

የቀረውን በፍጥነት እጽፈዋለሁ። በግራ ክንዴ አንገቱን አንቄ ጎተትኩት። ግራዬ ደህና እንደሆነ ረስቶት ነበር። ፊቱን መስፉ ላይ አጣበቅሁት፤ ጉንጩን ትኩስ ብረት ነክቶ ጠበሰው፣ ሽታው እስካሁን አለ። ትንሹ መዶሻ በቀኜ ነበር። ከጆሮው አንድ መዳፍ ያህል ርቄ ባዶው ብረት ላይ አንኳኳሁ። ላስፈራራው ነበር። "ደግመህ ትነካቸዋለህ?" ኳ። "ትነካቸዋለህ ወይ?" ኳ። "መልስ!" ኳ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰምተሻል።

እንግዲህ ማን ነው የጠቆመው? የማንንም ጥፋት አልተሸከምኩም፣ የራሴን ነው። ደግሞ አስቢው። ዛሬ የእትዬ ልጆች የሚጠሉት አንድ የአክስት ልጅ አላቸው። ይህ ቀላል ነው፤ ጥላቻ ይችሉታል። ብትናገሪ ግን አባታቸውን የገደለ አያት ይኖራቸዋል። ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ያዞሯቸው እኚያው አያት። እነሱ ምን ያድርጉት? ለእትዬስ ማን ይነግራታል?

አባባ ወፍራሙን ሲጠብቁ መሞታቸው ጥሩ ነው። እንዲያ ይቅር።

ጉጠት


ታኅሣሥ 5

ወንድሜ፣

ለእትዬ ማን ይነግራታል ብለህ ነበር። እሷ ራሷ መጣች።

ሥራ ቦታ ነው የመጣችው። አንሶላ ከማሽኑ እያወጣሁ ነበር። ወንድሞቿ መስለውኝ የብረት መስቀያ አነሳሁ። "አስቀምጪው፣ ብቻዬን ነኝ" አለችኝ። በእንፋሎቱ መሐል ቆመን ተያየን። ጠቁራለች። ከዚያ ያለ ሰላምታ ጀመረች፤ የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፍልሃለሁ።

"ያን ጊዜ ትከሻውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ባሌ ብረቱን ይዞ ከበላያችን ቆሞ ሲስቅ፣ ቀሚሴን ቀድጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያ ክንድ ፀጉሩን አያበጥርም።"

"እና?" አልኳት።

"እና የባሌን አስከሬን አይቼዋለሁ። ሸፍኑት ሲሉ እምቢ ብዬ አይቼዋለሁ። ከላይ የወረደ ምት ነው፤ ከሰማይ የወረደ። ማን ነው የመታው?"

"ወንድሜ አምኗል፣ እትዬ።"

"ያመነውን አልጠየቅሁሽም!" አንሶላውን ከእጄ ነጠቀችና ወለሉ ላይ ወረወረችው። ከዚያ አጎንብሳ ራሷ አነሳችው፤ የቤት ሰው እኮ ናት። "ወንድሞቼን ዝም ያልኳቸው ሌላ የምጠላው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ልጆቼን ግን ያልመታን ሰው ጥሉ ብዬ አላሳድግም። ስሙን ንገሪኝ፤ መጥላትና አለመጥላቱን እኔ እወስናለሁ።"

"በችሎት ስጠራ ትሰሚኛለሽ" አልኳት። ስትወጣ ቅንድቤን አይታ፣ "ማን ነው የሰፋሽ? ጎበዝ አይደለም" አለችኝ።

ስለዚህ እሷን ምክንያት አታድርግ። ልጆቹንም ተው፤ እናት አላቸው።

ሐኪሙን፣ "አባባ ሲንኳኳ ይመቱ የነበረው ከድሮ ልማዳቸው ነው ወይስ ከሕመሙ?" ብዬ ነው የጠየቅሁት። "ሁለቱም" አለኝ። "ችሎት ቀርበህ ትለዋለህ?" አልኩት። "ከተጠራሁ ጉልበቱን ሳይቀር አሳያለሁ" አለ። ስሙን ለጠበቃዋ ሰጥቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ከፈለግህ ተቆጣ።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ኳ ላይ ደርሰህ ወጥተህ ትሄዳለህ። የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ደጃፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው የትልቁ ድምፅና በሁለተኛው መሐል ጊዜ ነበር። ረጅም አይደለም፤ መዶሻው ወርዶ ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ ነው። መዶሻ ለማጋደም ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ሺህ ጊዜ ስታደርገው አይቻለሁ።

ትንሹ መዶሻ የት ነበር፣ ጉጠቴ?

ወናፍ


ታኅሣሥ 12

ወናፌ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ያ ሰውዬ እጄን በጫማው ረግጦት መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን ጣቶቼ ይታጠፋሉ።

ጠየቅሽኝ፣ እመልሳለሁ። ከፖሊስ፣ ከዳኛ፣ ከዐቃቤ ሕግ ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ትጠይቂኛለሽ ብዬ እፈራ ነበር።

ትንሹ መዶሻ በእጄ ነበር።

አባባ ሲነሱ አየኋቸው። ሳላያቸው አልመቱም። ግራ እግራቸውን ወደ ፊት፣ ቀኙን ወደ ኋላ ከፈቱ፤ ጀርባቸው ቀና። ሁለት ዓመት ሙሉ አጎንብሰው የሚሄዱ ሰው፣ ማንኪያ የሚንቀጠቀጥባቸው ሰው። መዶሻው እንደ ላባ ወጣ። ደሙ አፋቸው ላይ እየወረደ ነበር፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር፤ ሲሠሩ የሚያዩኝ አስተያየት። "ልክ ነው፣ ጉጠቴ" አሉኝ። ጉጠቴ! ከዓመት በኋላ በስሜ ጠሩኝ። ከዚያ ወረደ። እኔ ያንኳኳሁበት ቦታ ላይ፣ ባዶው ብረት ላይ፣ አንድ ጥፍር እንኳ ሳይስት። ከልጃቸው ጆሮ አንድ መዳፍ ርቆ። አልሳቱም እኮ! ሁሉ ሰው "አእምሯቸው ጠፍቷል" ሲል ስንት ዓመት ሰማን። አልሳቱም።

ያኔ ማጋደም ነበረብኝ። ጊዜ ነበረኝ። መቺ እስኪጋደምለት እንደሚመታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ረስቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ከወር በፊት እጽፈው ነበር። አልረሳሁም። አንድ ጊዜ እንዲደግሙ ፈልጌ ነው። ያንን ድምፅ፣ ያንን አቋማቸውን። አንድ ጊዜ ብቻ።

እያየኋቸው ግራ ክንዴ ላላ። አጎታችን ጆሮው ሥር ያ ሁሉ ድምፅ ሲፈነዳ አንገቱን ነቅሎ ተነሳ፤ ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ድምፁ። ሁለተኛው ምት እየወረደ ነበር።

ትንሹን አጋድሜ ትልቁን ከእጃቸው ስቀበላቸው፣ "ብረቱ ምን ሆነ?" አሉኝ። "ቀዝቅዟል አባባ" አልኳቸው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀመጡ።

አጎታችን እንዲሞት ፈልጌ ነበር ወይ? ያን ሰዓት እሱን አላሰብኩትም። ትከሻዬን የሰበረውን፣ አባባን በጥፊ የመታውን ሰው ክንዴ ሥር ይዤ ጭራሽ ረሳሁት። ዐቃቤ ሕጓ "ቂም" ስትል ቂም ቢሆን እያልኩ እመኛለሁ። ቂም ምክንያት ነው።

ስለዚህ ችሎት ቀርበሽ፣ "ወንድሜ ንጹሕ ነው፣ የመቱት አባባ ናቸው" ብትይ ውሸት ነው። "አባባ ምንም አላደረጉም" ብትይም ውሸት ነው። ከተናገርሽ ሁሉንም ተናገሪ፤ ግማሹን ይዘሽ አትግቢ። እኔ ዝም ብትይ እመርጣለሁ። ግን ከእንግዲህ ትንሹ መዶሻ አንቺ ጋ ነው። እኔ በጠቆምሽበት እሆናለሁ።

ጉጠት


ታኅሣሥ 19

ጉጠቴ፣

ሸሚዝህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ደሙ በቀዝቃዛ ውሃ ለቋል፤ አንገትጌው ላይ ያለው ግን የቆየ ስለሆነ ጥላ ቀርቶበታል። ኮት ደርብበት።

እጅህን በሙቅ ውሃ እንዳትነክር፤ ያብጣል። ስለዚያ ባለ ጫማ ለእትዬ ነግሬያታለሁ። "እኔ አልላክሁትም፣ ግን አስመልሰዋለሁ" ብላለች።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ስድብ ብቻ ነበር የሚመጣልኝ፤ ስለዚህ አልጻፍኩም። ይቅር ብያለሁ እንድልህ አትጠብቅ። አላልኩም። አልልም ደግሞ አላልኩም። አጎታችን መጥፎ ሰው ነበር፤ ትንሽ ሳለሁ ግን ከወንዝ ያወጣኝ እሱ ነው። ይህን አታውቅም፤ አልተወለድክም ነበር።

የማስበው ይኸው ነው። "የጠቆመ ይጠየቃል" ትላለህ። እሺ፣ ይጠየቅ። አሁን ሊፈረድብህ የቆምከው ግን በጠቆምከው አይደለም፤ ባልመታኸው ነው። ላልሠራኸው ሃያ ዓመት ተሸክመህ ለሠራኸው አንድ ቀን ሳትጠየቅ ልትቀር ነው። ይህ በየትኛው ቤት ሕግ ነው?

ጠበቃዋን በዘዴ ጠየቅኳት። "አንድ ሰው ማስቆም እየቻለ ሳያስቆም ቢቀር ስንት ይፈረድበታል?" አልኳት። "ማነው ሰውዬው?" "ጎረቤታችን ነው።" መነጽሯን አውልቃ፣ "ጎረቤታችሁ ከሃያ ዓመት ያነሰ ያገኛል፤ ከነጻ ግን የበለጠ" አለችኝ። ቀጥላ፣ "ጎረቤታችሁ ትከሻው ደህና ነው?" አለች። አላነበብኩም ያለችው ሴትዮ!

ሌላኛው ወገን ደግሞ አባባ ናቸው። ብናገር፣ ሐኪሙ የጉልበታቸውን ነገር ያወራል፤ ችሎቱ ይስቃል። እኛ ስንስቅ የኖርንበት ሌላ ነው፣ የእነሱ ሳቅ ሌላ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጓ ታስነሳኝና፣ "ልጁን የገደለው አባት" ትላለች፤ በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ይጠራቸዋል። ለአንድ ሽባ ልጅ መቺ የሆኑትን፣ "ጌታው እሱ ነው" እያሉ የሳቁትን ሰው የሚያስታውስ አይኖርም። "የመታበትን እጁን እሰብራለሁ" ብለው አንገቴን የያዙበትን ቀን አልረሳሁም። ያኔ ስሙን ቢያውቁ የገዛ እጃቸውን ይሰብሩት ነበር፤ አትጠራጠር። ያንን ከእሳቸው ደበቅኩ። አሁን ለሰው ሁሉ ልንገር?

እንግዲህ ወይ አንተን ነው የምቀብረው፣ ወይ እሳቸውን ደግሜ።

እትዬ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች። ወንድሞቿን አታመጣም፤ አንዱ ለነገሩ እጁ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙም ተጠርቷል። አንተን ከጠዋቱ ያመጡሃል፤ ስገባ እንዳታየኝ፣ ወደ ግድግዳው ተመልከት። ካየኸኝ እንደ ልጅነታችን አፍህን አይቼ እመልሳለሁ።

ትንሹ መዶሻ እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ አለ። ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። እስካሁን በአናቱ ቆሟል፤ በጎኑ አላጋደምኩትም።

የምጠራው ሐሙስ ታኅሣሥ 22፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ወናፍ